መርከብ ይቆጥሩ የነበሩት ሾፌር

በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከሚወርደው የሐረጎ መንገድ በላይ፣ ተራራው ጫፍ ላይ አንድ አዛውንት ሞተው ተገኙ። ያገኟቸው ጭራሮ ሊለቅሙ የወጡ ሁለት ሴቶች ናቸው። አዛውንቱ ድንጋይ ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ተቀምጠው ነበር። ሴቶቹ ሲወጡ ሰላም ብለዋቸው አልፈዋል። መልስ ባይሰጧቸውም አልገረማቸውም፤ እዚያ ቦታ ላይ ተቀምጠው ማየት ለምደዋል። ጭራሯቸውን ተሸክመው ሲመለሱ እንዳልተንቀሳቀሱ ሲያዩ ነው የጮኹት። ፖሊስ በሰውነታቸው ላይ ምንም ጉዳት አላገኘም። አስከሬኑ በቃሬዛ ወርዶ፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ኮምቦልቻ ተቀበረ።

ይመር ይባላሉ። እኔ ጋሽ ይመር እላቸው ነበር። ኮምቦልቻ ግን የሚያውቃቸው «ካፒቴን» በሚል ስም ነው። በሕይወታቸው መርከብ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ዋናም አይችሉም ነበር። ሾፌር ነበሩ። ከኮምቦልቻ ተነስተው፣ በባቲ ወርደው፣ የአፋርን በረሃ አቋርጠው አሰብ ወደብ ድረስ ባለ ተሳቢ መኪና ሲነዱ ኖረዋል። እኔ ሳውቃቸው ግን መንገዱ ተዘግቶ፣ መኪናውም የሌላ ሰው ሆኖ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ መውጫ ላይ ባለች ጎሚስታ ቤት ጎማ ይጠግኑ ነበር።

ያን ጊዜ ደሴ ተቀምጬ ለአንድ ጋዜጣ እዘግብ ነበር። ክረምት ነው። ወደ ባቲ ስሄድ ጎማ ፈነዳብኝና እሳቸው ጋ ቆምኩ። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ጣቶቻቸው በላስቲክ ማጣበቂያ የጠቆሩ ሰው ናቸው። ጎማውን ሳያዩ እኔን አዩ።

«ወዴት ነህ?»

«ወደ ባቲ ነበርኩ። አሁን ግን ልመለስ ነው፤ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል።»

«አይተኸዋል ወይስ ሰምተኸው ነው?»

«ሰምቼ ነው።»

«እንግዲያውስ ጎማህን ልሥራልህ፤ ሄደህ እየው።»

ሄጄ አየሁት። መንገዱ አልተቆረጠም። ስመለስ ቆሜ ነገርኳቸው። ወንበር ገፋ አደረጉልኝ። ከዚያ በኋላ በኮምቦልቻ ሳልቆም ያለፍኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ያቺን ጥያቄያቸውንም ወስጄ ሥራዬ ላይ አዋልኳት። እስከ ዛሬ ማንም ሰው አንድ ነገር ሲነግረኝ መጀመሪያ የማስበው እሷን ነው።

ከጎሚስታው አጠገብ ዘይነባ የምትባል ሴት ሻይ ትሸጥ ነበር። በየጠዋቱ ትነካካቸዋለች።

«ካፒቴን፣ ባሕሩ እንዴት አደረ?»

«ጨዋማ ነው። ካንቺ ሻይ ግን ይሻላል።»

«እንግዲያው እሱን ይጠጡዋ!»

«ብደርስበትማ፣ ወላሂ፣ ካንቺ እገላገል ነበር።»

የባጃጅ ልጆችም ሲያልፉ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ይጮሃሉ፦ «ካፒቴን! ዛሬ ስንት መርከብ ገባ?» እሳቸው ከጎማው ላይ ቀና ሳይሉ ይመልሳሉ፦ «አምስት! አንዱ ያንተን ፍሬን ጭኖ ነው የመጣው። እስኪራገፍ ቀስ እያልክ ንዳ!»

መንደሩ ይስቃል። እሳቸውም ይስቃሉ። የቀልዱ መነሻ ግን አያስቅም። የነገሩኝ ከተዋወቅን ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ሲናገሩ አይቸኩሉም ነበር፤ ያዩትን ካላዩት ይለያሉ። እኔም እንደ ነገሩኝ አስቀምጠዋለሁ።

ወደ አሰብ በሚወርደው መንገድ፣ ከተማው ሊቀርብ ሲል፣ ከመንገዱ በስተግራ አንድ የጥቁር ድንጋይ ተራራ አለ። ሾፌሮቹ «ማማው» ይሉታል። አብረው የሚጓዙ መኪናዎች ከሥሩ ይቆማሉ። አንድ ሰው ብቻውን ይወጣል፤ ከላይ ባሕሩና ወደቡ ይታያል። የሚወጣው ለመዝናናት አይደለም። የቆሙትን መርከቦች ይቆጥራል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ አቀማመጣቸውን ያያል። ባሕሩ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ መርከብ ጭነቱ አልተራገፈም፤ ለሾፌሮቹ ሥራ አለ ማለት ነው። ከፍ ብሎ የሚንሳፈፈው ደግሞ ተራግፎ አልቋል፤ ወረፋው ረጅም፣ ጭነቱ ጥቂት ይሆናል። ሰውየው ወርዶ ያየውን ይናገራል። ሌሎቹ በዚያ ላይ ተመሥርተው ወይ ይገሰግሳሉ፣ ወይ ጥላ ፈልገው ያርፋሉ። የሚወጣው ሁልጊዜ ጋሽ ይመር ነበሩ።

«ለምን እርስዎ?» አልኳቸው።

«ዓይኔ አይዋሽማ።» ይህን ሲሉ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ከግንባራቸው ላይ እንደ ጥላ ያደርጉ ነበር። ጎሚስታው ውስጥ፣ ከፊታቸው ግድግዳ ብቻ እያለ እንኳ እንዲሁ ያደርጋሉ።

ማማው ላይ ያዩት ስለነበረው ሁሉ ይነግሩኛል። ከሥር በሜዳው ላይ ሰጎኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲሄዱ፤ ሚዳቋዎች ከቁጥቋጦ ጥላ ወደ ቁጥቋጦ ጥላ ሲሻገሩ፤ ነጫጭ የባሕር ወፎች ከመርከቦቹ ኋላ ሲግተለተሉ። «መጀመሪያ ወፎቹን እይ» ይሉኛል፤ «ወፍ የሚከተለው መርከብ አሁን የገባ ነው።»

አሰብ ውስጥ ሚስት ነበረቻቸው፤ ኸድጃ። የዚያው ከተማ ተወላጅ ናት። ዘሀራ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል። ኑሯቸው እንደ ሾፌር ኑሮ ነው፤ እሳቸው ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ።

በ1990 ዓ.ም. ጸደይ ላይ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ነገሩ መክረር ጀመረ። ሾፌሩ ሁሉ ያወራል። ኸድጃም ሰምታለች። በመጨረሻው ጉዞ፣ መኪናው ተጭኖ ሊወጣ ሲል፣ ዘሀራን የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች ይዛት መጣች። ሰባት ዓመቷ ነው። «እኔ ብቀር ግድ የለም፤ ልጅቷን ይዘሃት ሂድ። ጋቢና ቦታ አለ» አለቻቸው።

ጋሽ ይመር ግን ሲመጡ ማማው ላይ ወጥተው ነበር። ወደቡ ሞልቶ ነበር። መርከቦቹ ሁሉ ጠልቀው ነው የተቀመጡት፤ ጭነታቸው አልተነካም። ያን ሁሉ ንብረት ባሕር ላይ ትቶ ወደብ የሚዘጋ መንግሥት የለም ብለው አሰቡ። ሃያ ዓመት በሠሩበት ስሌት ስህተት አላዩበትም።

«አብሽሪ» አሏት። «መርከቦቹ ተራግፈው እስኪያልቁ የትም አይሄድም። እሷም ትምህርቷን ትጨርስ። በሚቀጥለው ተራ መጥቼ ሁለታችሁንም እወስዳለሁ።»

የሚቀጥለው ተራ አልነበረም። ኮምቦልቻ በደረሱ በሳምንቱ ጦርነቱ ተነሳ፤ መንገዱም ተዘጋ። ጭነቱ ሳይራገፍ ወደቡ ቆመ።

ከዚያ በኋላ የሞከሩትን ሁሉ አውቃለሁ፤ አብዛኛውን ከሌሎች ሰዎችም አጣርቻለሁ። ከአሰብ ተፈናቅለው ደሴ የገቡትን ሰዎች አንድ በአንድ ጠይቀዋል። አንዲት ሴት ዘሀራን ደብተር ይዛ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እንዳየቻት ነግራቸዋለች። በዓይኗ ያየች ሰው ስለሆነች አመኗት። በጂቡቲ መስመር በሚነዱ ጓደኞቻቸው በኩል መልእክት ልከዋል፤ መልስ አልመጣም። ራሳቸውም በአንድ ወቅት ኬላው ድረስ ሄደዋል። «ወታደሮቹ ጨዋዎች ናቸው» አሉኝ። «ሻይ አጠጥተው መለሱኝ።» ሌላ ሚስት አላገቡም። በጂቡቲ መስመር ትንሽ ነድተው ተዉት። መሪ ይዘው ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ፣ መንገዱ ወደ አሰብና ወደ ጂቡቲ ሲገነጠል፣ እግራቸው ራሱ ፍሬን እየረገጠ አስቸገራቸው።

በየእሑዱ ሐረጎ ተራራ ላይ መውጣት የጀመሩት ያኔ ነው። ብቻቸውን ይወጣሉ፤ ማንንም አያስከትሉም። ከተማው ውስጥ ጋሽ ይመር ከሐረጎ ባሕር ይታየኛል ይላሉ ተባለ። «ካፒቴን» የሚለው ስምም ከዚያ መጣ።

ወሬውን ላጣራ አንድ እሑድ ሳልነግራቸው ወጣሁ። ካርታ ላይ አስቀድሜ አይቼዋለሁ፤ ከሐረጎ ባሕር ሊታይ አይችልም። ርቀቱ አይፈቅድም፤ በመካከሉም ተራራ አለ። መንገዱን ትቼ በጽዱ ቁጥቋጦ ውስጥ ወጣሁ። ሽኮኮዎች ከድንጋይ ላይ ሆነው ካዩኝ በኋላ ገቡ። ጫፉ አካባቢ የጭላዳ መንጋ ሣር ይነጫል። ከመንጋው ማዶ ጋሽ ይመር ተቀምጠው ነበር። ጭላዳዎቹ እኔን ሲያዩ ወደ ገደሉ ሸሹ፤ ከሳቸው ግን አልሸሹም።

«እንግዶቼን አባረርክብኝ» አሉ ዞር ሳይሉ። «ትልቁ ወንዱ ሰላምታ ሊመልስልኝ ትንሽ ቀርቶት ነበር።»

ይቅርታ ጠይቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከሥር ኮምቦልቻ ትታያለች። ከኮምቦልቻ ማዶ ኮረብታዎቹ እየሳሱ ይሄዱና ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በሙቀትና በአቧራ የተሸፈነ ነው።

«ጋሽ ይመር፣ ከዚህ ባሕር ይታየኛል ይላሉ አሉ።»

«ስል ሰምተኸኛል?»

«አልሰማሁም። ሲወራ ነው የሰማሁት።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቀኛለህ?» ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ቀጥለው፣ «ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል» አሉኝ። «አሁን ኮምቦልቻንም በጭስ ውስጥ እንዳለች ነው የማያት። ሰው ሲመጣ እጠይቃለሁ፤ እዚያ ማዶ ምን ይታያል? እላለሁ። ሁሉም ባሕር ይታያል ይለኛል። ሊያስደስቱኝ ነው። አንዱማ መርከብ ጨመረልኝ። አንተ ምን ታያለህ?»

አየሁ። ሁለት ጊዜ አየሁ። «አቧራ ነው የሚታየኝ። ከአቧራው ወዲያ ምንም አይታይም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልሃምዱሊላህ» አሉ። «አንድ የማይዋሽ ሰው ተገኘ።»

«እንደማይታይ ካወቁ ለምን ይወጣሉ?»

«ሥራዬ ማየት ነበር። አንድ ቀን አይቼ ተሳሳትኩ። ሌላ ምን ልሥራ?»

ጥቂት ቆይተው እጃቸውን ክንዴ ላይ አደረጉ። «ስማኝ፤ ይኼ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል። እኔ ከሌለሁ አንተ ትሄዳለህ፤ ሥራህ ነዋ። ማማው ላይ ሳትወጣ ከተማ እንዳትገባ። ብቻህን ውጣ። መርከብ ቆሞ ካየህ ወደቡ ሠርቷል፣ ሰው ኖሯል ማለት ነው። ወርደህ ከመስጊዱ ጀርባ የኸድጃን ቤት ጠይቅ። ዘሀራን፣ አባትሽ አልከዳሽም፣ መርከቦቹን አይቶ ነው የተሳሳተው በላት። እሷ የሾፌር ልጅ ናት፤ ይገባታል።»

«መርከብ ባይኖርስ?»

 ዱላቸውን ይዘው ተነሱና ቁልቁለቱን ጀመሩ።

የዓይናቸውን ነገር ችላ አላልኩም። በሚኒባስ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይዣቸው ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ሞራ ነው፣ ይነሳል፣ በቶሎ ይሁን ብሎ ቀን ሰጣቸው። በቀኑ ጎሚስታው ደጃፍ ብቆም አልወጣም አሉኝ።

«መንገዱ ሲከፈት አስነሳዋለሁ።»

«ጋሽ ይመር፣ አሁን ይሻላል። ሲከፈት ጊዜ ላይኖር ይችላል።»

«አሁን ምን የሚታይ አለና ነው?»

ዘይነባም ልትረዳኝ ሞከረች። «ካፒቴን፣ እኔን እንኳ ደኅና አድርገው ይዩኝ እንጂ። አምሮብኛል ይላሉ።»

«አይተው ነው ወይስ ሰምተው?» አሏት። በዚያ ቀን የሳቅነው በዚህ ብቻ ነው። ሚኒባሱ ያለ እሳቸው ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ወደ ተራራው የሚወጡት መንገዱን በእግራቸው እየዳሰሱ ነበር። ጭራሮ ለቃሚዎቹ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ጎርበጥ ያለውን ቦታ እየጮኹ ይነግሯቸዋል። የባጃጅ ልጆቹ ግን መጠየቃቸውን አልተዉም፤ እሳቸውም መመለሳቸውን አልተዉም። በመጨረሻዎቹ ወራት ግን የሚሉት ቁጥር እያነሰ ሄዶ ነበር። ዘይነባ ናት ያስተዋለችው። «ትናንት አንድ ብቻ አሉ» አለችኝ። «አስቀየማችኋቸው ወይ ብዬ ልጆቹን ተቆጣሁ።»

ከቀብራቸው በኋላ፣ በዚያው ዓመት ክረምት፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ሰላም ወረደ። በመስከረም 2011 የአሰብ መንገድ ተከፈተ። ጥቂት ቆይቼ ሄድኩ።

ማማውን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ድሮ በዚያ መስመር የነዳ የኮምቦልቻ ሾፌር ነበር የያዘኝ፤ ሳልጠይቀው ከሥሩ አቆመ። «ካፒቴኑ ነው የላከህ?» አለኝ። ብቻዬን ወጣሁ። ድንጋዩ ጥቁርና ስል ነው፤ ጫማ ይበላል። አጋማሹ ላይ ዝንጀሮዎች ከበላዬ ሆነው ጮኹብኝ። ከጫፉ በታች፣ በሜዳው ላይ፣ ሁለት ሰጎኖች ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። ሚዳቋ አላየሁም። ከዚያ ባሕሩ ታየ፤ ሰማያዊ፣ ጸጥ ያለ፣ እሳቸው ካሉት በላይ ሰፊ። ወደቡም ታየ። ክሬኖቹ ቆመዋል። ወፎቹ ነበሩ፤ የሚከተሉት ግን አልነበራቸውም። ግራ ዓይኔን ጨፍኜ፣ መዳፌን ግንባሬ ላይ አድርጌ ዳር እስከ ዳር አየሁ። መርከብ አልነበረም።

ስወርድ ሾፌሩ ፊቴን አይቶ ሞተሩን አስነሳ።

የኸድጃን ቤት ከመስጊዱ ጀርባ አገኘሁት። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤቷ የነበሩ አንዲት እናት ወጡልኝ። ኸድጃ ከሞተች መቆየቷን ነገሩኝ። ስለ ዘሀራ ስጠይቃቸው ወደ ባሕሩ አቅጣጫ አዩ። የብሔራዊ አገልግሎት ተራዋ ሲደርስ ከሌሎች ወጣቶች ጋር በጀልባ ወደ የመን ልትሻገር ወጣች አሉኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው።

«ደረሱ?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። የደወለ የለም። ጀልባዋ ተገኘች ይባላል።»

«ማን አገኛት?»

አንድ ዓሣ አጥማጅ ጠቆሙኝ። ባሕሩ ዳር መረብ ሲጠግን አገኘሁት። አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል። ስለዚያች ጀልባ ጠየቅሁት። ባዶዋን፣ ከአንዲት ደሴት አጠገብ፣ ውኃ ሞልቷት ተገኘች አለኝ።

«አይተኻታል ወይስ ሰምተህ ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አይቻታለሁ። ጎትቼ ያመጣኋት እኔ ነኝ። የጀልባዋ ባለቤት የገዛ ልጁም አብሯቸው ስለነበር ሊያያት አልፈለገም።» መረቡን አስቀምጦ ተነሳና መራኝ። ከጀልባዎቹ ሁሉ መጨረሻ፣ ከግንቡ ሥር አሳየኝ።

ጀልባዋ አሸዋው ላይ ተገልብጣ ተቀምጣለች። ቀለሟ አረንጓዴ ነበር። ሆዷ ላይ፣ ወደ ፊት በኩል፣ አንድ ሳንቃ የለም። «ውኃው የገባው በዚህ ነው» አለኝ።